ለሁለተኛ ዲግሪ ስለሚሰጥ የትምህርት ብድር

ለነጋዴዎችና ለባለሱቆች የቀረበ ትምህርት
ከገራዶ፤ ከአንድ የንግድ ቤት ጸሐፊ



ነጋዴ የሆነ ሰው ብድርን ከማንም ይልቅ ያውቃል። ስኳር በኩንታል፣ ጨርቅ በጣቃ፣ ሚስማር በካርቶን በዱቤ ይሰጣል፤ ከአስመጪ በዱቤ ይቀበላል፤ መዝገቡንም በየወሩ መጨረሻ ያመዛዝናል። እንግዲህ በዛሬው ትምህርታችን የምንመለከተው የብድር ዐይነት ግን በሚዛን የማይመዘንና በመጋዘን የማይቀመጥ ነገርን የሚመለከት ነው። ይኸውም አንድ ሰው የመጀመሪያ ዲግሪውን ከያዘ በኋላ ሁለተኛውን ለመማር የሚጠይቀው ብድር ነው።

ነገሩ ለደሴ፣ ለኮምቦልቻና ለአካባቢያችን ለገራዶ እንግዳ አይደለም። የወሎ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ከተቋቋመ፣ የቴክኖሎጂ ትምህርቱም በኮምቦልቻ ከተደራጀ ወዲህ ዲግሪ ያለው ወጣት በየንግድ ቤቱ ይገኛል። ሒሳብ ያዡ፣ ዕቃ ግምጃ ቤት ኀላፊው፣ ለጉምሩክ ሥራ የሚመላለሰው፣ ሁሉም የተማሩ ናቸው። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክም በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ የተማረ ሰው ፈላጊው በዝቷል። በዚህም ምክንያት አሠሪውን ቀርቦ «ልማርበት ገንዘብ አበድረኝ» የሚል ሠራተኛ በየጊዜው ይነሣል። ዱሮ ለሠርግ ወይም ለቤት መሥሪያ ይጠየቅ የነበረው ብድር አሁን ለትምህርት ይጠየቃል።

አሠሪው እንዲያው እንቢ ቢል ታማኝ ሠራተኛ ሊያጣ ይችላል። ሳያስብ እሺ ቢል ደግሞ ገንዘቡንም፣ ሠራተኛውንም፣ ከዚያም አልፎ ዝምድናውንና ጉርብትናውን ሊያጣ ይችላል። «ሲሰጡ በእጅ፣ ሲቀበሉ በእግር» የሚለው የአባቶች ቃል በትምህርት ብድርም ላይ ይሠራል። ስለዚህ መንግሥት ምን እንደሚያበድር፣ ሕጉ ምን እንደሚል፣ ሒሳቡም እንዴት እንደሚሠራ በተራ እንመልከት።

፩ኛ፤ መንግሥት ለተማሪ የሚያበድረው ምንድን ነው?

በአገራችን ለከፍተኛ ትምህርት የሚሰጠው ዋናው ብድር «የወጪ መጋራት» የሚባለው ነው። ቀድሞ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈትና ከዚያም በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ሲቋቋም፣ የተማሪው ትምህርት በመንግሥት ወጪ ይሸፈን ነበር። ይህ ልማድ ለብዙ ዘመን ቆይቶ በ1995 ዓ.ም. ተለወጠ። በዚያ ዓመት የከፍተኛ ትምህርት ዐዋጅ ቁጥር 351 ታወጀ፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤትም ደንብ ቁጥር 91ን አወጣ። በደንቡ መሠረት ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ በሙሉ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 ከመቶ እንዲጋራ ተደረገ።

ልብ በሉ፤ ይህ ብድር በጥሬ ገንዘብ ለተማሪው እጅ የሚሰጥ አይደለም። ተማሪው ውል ይፈርማል፤ ዩኒቨርሲቲው ያበላዋል፣ ያሳድረዋል፣ ያስተምረዋል፤ ዕዳው ግን በስሙ ይመዘገባል። ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 ከመቶ እየተቀነሰ ይከፈላል። ደንቡ ሲወጣ ለመክፈያ የተወሰነው ጊዜ እስከ 15 ዓመት ነበር። ይህን ገንዘብ ከደመወዝ ቀንሶ ለገቢ ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት የማስገባት ግዴታ ያለበት አሠሪው ነው። እንግዲህ ዲግሪ ያለው ሠራተኛ የቀጠረ ባለሱቅ ሁሉ፣ ቢያውቅም ባያውቅም፣ የዚህ ብድር ሰብሳቢ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ዲግሪ እንምጣ። የድኅረ ምረቃ ትምህርት በአገራችን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1971 ዓ.ም. በአንድ ትምህርት ቤት ሥር ተደራጅቶ ከጀመረ ወዲህ ወደ ክፍላተ ሀገር ተስፋፍቷል። ሁለተኛ ዲግሪ የሚማሩት ሰዎች ሁለት ዐይነት ናቸው። አንዳንዶቹ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምራቸው ናቸው፤ እነዚህ በገንዘብ ፈንታ በአገልግሎት ግዴታ ይታሰራሉ። ሌሎቹ ራሳቸውን ችለው የሚከፍሉ ናቸው፤ ብዙውን ጊዜ በማታ ወይም በቅዳሜና እሑድ ይማራሉ። የነጋዴ ሠራተኛ የሚመደበው ከሁለተኞቹ ወገን ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የለውምና የሚያስተምረው መሥሪያ ቤት የለም፤ ክፍያውንም ከኪሱ ማውጣት አለበት። ወደ ባንክ ቢሄድ ቤት ወይም መኪና መያዣ ይጠየቃል፤ ወጣቱ ግን ቤትም መኪናም የለውም። ስለዚህ ፊቱን ወደ አሠሪው ያዞራል።

ሌላም እንቅፋት አለ። ሁለተኛ ዲግሪ ለመግባት የሚያመለክት ሰው ከመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲ የውጤት ማስረጃ እንዲላክለት ይጠየቃል። ያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የወጪ መጋራት ዕዳው መከፈሉን ሳያረጋግጥ ማስረጃውን አይለቅም። እንግዲህ የመጀመሪያው ዲግሪ ዕዳ በሁለተኛው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ብድር ጠያቂው «ለመመዝገቢያ» ብሎ የሚጠይቀው ገንዘብ ብዙ ጊዜ የቀድሞውን ዕዳ መዝጊያ ጭምር ነው። አበዳሪው ይህን አስቀድሞ መጠየቅ አለበት፤ ሁለቱ ለየብቻ ካልተጻፉ ሒሳቡ ይደባለቃልና።

፪ኛ፤ ሌሎች አገሮች ምን አደረጉ?

ለእኛ ለነጋዴዎች በተለይ የሚጠቅመው የኮሎምቢያ ታሪክ ነው። ገብርኤል ቤታንኩር የተባለ የዚያ አገር ወጣት በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ከፍተኛ ትምህርቱን ለመቀጠል ሲፈልግ ገንዘብ አልነበረውም። ኮልቴሄር ለተባለው በሜዴዪን ከተማ ለሚገኘው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጻፈ፤ ገንዘቡን በስጦታ ሳይሆን በብድር ጠየቀ። ፋብሪካውም አበደረው። ቤታንኩር ከራሱ ዕድል ተነሥቶ መንግሥት ለተማሪዎች የሚያበድርበትን ተቋም ዐሰበ፤ ኢሴቴክስ የተባለው ይህ ተቋም በ1950 እ.ኤ.አ. በሕግ ተመሠረተ፤ በ1952ም ሥራውን ጀመረ። እስከ ዛሬም አለ። በዓለም ላይ ለተማሪዎች ለማበደር ብቻ ከተቋቋሙት ተቋሞች ቀዳሚው እርሱ እንደ ሆነ ይነገራል። መነሻው ግን የአንድ ጨርቅ ፋብሪካ ብድር ነበር።

አውስትራልያ በ1989 እ.ኤ.አ. ሌላ ዘዴ አመጣች። ተማሪው ተመርቆ ገቢው ከተወሰነ መጠን እስኪያልፍ ድረስ አይከፍልም፤ ካለፈ በኋላ ከገቢው በመቶኛ ይከፍላል። የእኛም የወጪ መጋራት ሥርዐት በገቢ መጠን የሚከፈል በመሆኑ ከዚህ ዘዴ ጋር ይዛመዳል። ጎረቤታችን ኬንያ በ1995 እ.ኤ.አ. የከፍተኛ ትምህርት ብድር ቦርድ አቋቁማለች።

እንግሊዝ ለሁለተኛ ዲግሪ ብቻ የሚሆን ብድር የጀመረችው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው። በመጀመሪያው ዓመት ለአንድ ተማሪ የተፈቀደው ከፍተኛ መጠን 10,000 ፓውንድ ነበር፤ አከፋፈሉም በዓመት ከ21,000 ፓውንድ በላይ ከሚገኘው ገቢ 6 ከመቶ ነበር። ከዚህ ቀደም የማስተርስ ዲግሪ ላለው ሰው ግን አይሰጥም። አንድ ሰው ዲግሪ እየቆጠረ የሕዝብን ገንዘብ ደጋግሞ እንዳይወስድ ታስቦ ነው።

አሜሪካ ደግሞ በ2006 እ.ኤ.አ. ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲው የጠየቀውን ሙሉ ወጪ የሚሸፍን ብድር ጀመረች። ለብድሩ ጠቅላላ ጣሪያ አልነበረውም። ከ20 ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ2025 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ይህ ብድር ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች እንዲቀርና በሌሎቹ ብድሮች ላይ ጣሪያ እንዲደረግ ወሰነ፤ ለተራ ድኅረ ምረቃ ተማሪ በዓመት 20,500፣ በጠቅላላ 100,000 ዶላር። ከዚህ የምንማረው አጭር ነው፤ ሀብታም መንግሥት እንኳ ጣሪያ የሌለው ብድር ካልዘለቀው፣ የገራዶ ባለሱቅ ጣሪያ ሳያደርግ ሊያበድር አይገባውም።

፫ኛ፤ ሕጉ ስለ ብድር ምን ይላል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ዛሬም የብድርን ውል የሚገዛው ነው። ነጋዴ ሊያውቃቸው የሚገቡት ክፍሎች እነዚህ ናቸው።

ሀ. ብድሩ ከ500 ብር በላይ ከሆነ፣ በጽሑፍ ካልሆነ ወይም ተበዳሪው በፍርድ ቤት ካላመነ ወይም በመሐላ ካልሆነ በቀር በምስክር ብቻ ማስረዳት አይቻልም። ይህ በቁጥር 2472 ተደንግጓል። በጽሑፍ የሚደረገው ውል ደግሞ በሁለት ምስክሮች መረጋገጥ እንዳለበት ቁጥር 1727 ያዛል። እንግዲህ በቡና ላይ በቃል የተሰጠ የትምህርት ብድር በፍርድ ቤት ፊት ደካማ ነው።

ለ. ወለድ በውሉ ካልተነገረ አይታሰብም። ከተነገረም በዓመት ከ12 ከመቶ በላይ መዋዋል አይፈቀድም። የወለዱ ልክ በጽሑፍ ካልሠፈረ 9 ከመቶ ይሆናል።

ሐ. የዋስትና ውል በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ዋሱ ዋስ የሆነበት የገንዘብ ልክም በግልጽ መጻፍ አለበት። ልኩ ያልተጻፈበት ዋስትና ዋጋ የለውም። ይህ በቁጥር 1922 ይገኛል።

ሦስተኛው ነጥብ በሥራ ላይ ሲውል ምን እንደሚመስል ከአንድ ምሳሌ እንመልከት። በአካባቢያችን በአንድ የሕንፃ ዕቃ መሸጫ ቤት አራት ዓመት ሒሳብ ስትይዝ የነበረች ወጣት ባለቤቱን፣

«ሐጂ፣ ሁለተኛ ዲግሪዬን በቅዳሜና እሑድ ልማር ዐስቤአለሁ፤ 60,000 ብር ቢያበድሩኝ በየወሩ ከደመወዜ ይቀንሱልኝ» ብላ ጠየቀቻቸው።

እርሳቸውም «ልጄ፣ ገንዘቡን እሰጥሻለሁ፤ ወለድ ግን በቤቴ አይገባም። አጎትሽ ይምጣና ዋስ ይሁንሽ» አሏት።

አጎቷም መጣ። ውሉን የጻፈው ከገበያ የተጠራ ራፖር ጸሐፊ ነበር። በዋሱ በኩል የሠፈረው «ለእኅቴ ልጅ ሙሉ ዋስ ነኝ» የሚል ብቻ ነበር፤ የገንዘቡ ልክ አልተጻፈም። ከአንድ ዓመት በኋላ ልጅቱ አዲስ አበባ የተሻለ ሥራ አግኝታ ሄደች። ሐጂም ስለ ዋስትናው ጠበቃ ሲጠይቁ «የገንዘቡ ልክ ስለሌለ አጎትየውን መጠየቅ አይችሉም» ተባሉ።

ልጅቱ ግን ዕዳዋን አልካደችም። ከአዲስ አበባ በየወሩ በባንክ ትልካለች፤ እስከ አሁን 45,000 ብር ተከፍሏል፤ የቀረው በመከፈል ላይ ነው። ሐጂ ገንዘባቸውን እየተቀበሉ ያሉት በልጅቱ ሃይማኖተኛነት እንጂ በወረቀቱ ብርታት አይደለም። እርሷ ብትታመም ወይም ብትሞት ወረቀቱ ለማንም አይጠቅምም ነበር። «እስከ 60,000 ብር ድረስ ዋስ ነኝ» የሚል አንድ መስመር ቢጨመር ኖሮ አጎትየውም በልኩ ኀላፊነቱን ያውቅ ነበር፤ ባለ ገንዘቡም ያለ ሐሳብ ይተኛ ነበር።

በዚሁ ላይ የሥራ ሕጉን ማየት ያስፈልጋል። የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከደመወዝ የሚቀነሰው በሕግ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ብቻ እንዲሆን ይደነግጋል። በአንድ ጊዜ የሚቀነሰውም ጠቅላላ መጠን ከወር ደመወዙ ከሲሶ መብለጥ የለበትም። በተጨማሪም የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሥራውን መልቀቅ ይችላል። ስለዚህ «ስላበደርኩህ አትሄድም» የሚል አሠሪ ሕጉን አልያዘም። በእጁ ያለው ዕዳው ነው፤ ሰውየው አይደለም። ውሉም ሠራተኛው ቢለቅ ቀሪው ገንዘብ በየወሩ ስንት እየሆነ፣ በየትኛው ሒሳብ እንደሚገባ አስቀድሞ መናገር አለበት።

፬ኛ፤ ሒሳቡ እንዴት ይሠራል?

ለምሳሌ ያህል አንድ ሠራተኛ በወር 12,000 ብር ደመወዝ አለው እንበል። የሁለት ዓመቱ ትምህርት በአራት መንፈቅ ተከፍሎ በየመንፈቁ 20,000 ብር፣ በጠቅላላ 80,000 ብር ያስወጣል እንበል። ቁጥሩ ለትምህርት የተወሰደ ነው፤ አንባቢ በራሱ ቁጥር ይተካው።

የደመወዙ ሲሶ 4,000 ብር ነው። ሠራተኛው የወጪ መጋራት ዕዳ ካለበት 10 ከመቶው፣ ማለት 1,200 ብር፣ አስቀድሞ ይቀነሳል። ይህን ከሲሶው ውስጥ ቆጥሮ ማስላት ጥንቃቄ ነው። እንግዲህ የሚቀረው 2,800 ብር ነው። ቤተ ሰብ ያለው ሰው መብላትም አለበትና ይህን ሁሉ መውሰድ አይገባም፤ በወር 2,000 ብር እንቀንስ። 80,000 ለ2,000 ሲካፈል 40 ወር ይሆናል።

እዚህ ላይ ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው 80,000 ብሩን በአንድ ጊዜ መስጠት ነው። ተበዳሪው በሦስተኛው ወር ትምህርቱን ቢተው ወይም ቢሄድ፣ ከአበዳሪው እጅ የወጣው ከ70,000 ብር በላይ ይሆናል። ሁለተኛው መንገድ በየመንፈቁ 20,000 ብር ብቻ፣ እርሱንም በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ መክፈልና ከመጀመሪያው ወር አንሥቶ 2,000 ብር መቀነስ ነው። በዚህ መንገድ፦

በመጀመሪያው መንፈቅ መጨረሻ 20,000 ሲቀነስ 12,000፣ ቀሪ ዕዳ 8,000 ብር፤
በሁለተኛው መጨረሻ 28,000 ሲቀነስ 12,000፣ ቀሪ 16,000 ብር፤
በሦስተኛው መጨረሻ 36,000 ሲቀነስ 12,000፣ ቀሪ 24,000 ብር፤
በአራተኛው መጨረሻ 44,000 ሲቀነስ 12,000፣ ቀሪ 32,000 ብር ይሆናል።

ከምረቃ በኋላ በ16 ወር ይጠናቀቃል። በጠቅላላው ያው 40 ወር ነው። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው፤ በሁለተኛው መንገድ ዕዳው ከ44,000 ብር አይበልጥም፤ በመጀመሪያው ግን ከ80,000 ይነሣል። ነጋዴው ከገንዘቡ ሌላውን እጅ በዕቃ ላይ ሊያውለው ይችላል። ተማሪውም የመንፈቁን ውጤት ሳያመጣ ቀጣዩ ክፍያ እንደማይወጣ ስለሚያውቅ ይተጋል።

ወለድ የሚያስቡ ቢኖሩም ሒሳቡ ያንኑ ይመሰክራል። 80,000 ብር በአንድ ጊዜ ተሰጥቶ ተመላሹ ሳይቆጠር በ12 ከመቶ ቢታሰብ፣ የመጀመሪያው ዓመት ወለድ 9,600 ብር ነው። በየመንፈቁ 20,000 ቢሰጥ ግን በዚያው ዓመት የመጀመሪያው ክፍያ 2,400፣ የሁለተኛው 1,200፣ በጠቅላላ 3,600 ብር ብቻ ይሆናል። ለተበዳሪው 6,000 ብር ይተርፈዋል።

በውጭ ምንዛሪ ስለሚከፈል ትምህርትም አንድ ቃል እንጨምር። አስመጪዎች እንደምታውቁት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከዚያ በፊት በ57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዶላር ለሚከፈል ትምህርት «ወጪውን እሸፍናለሁ» ብሎ የፈረመ ሰው ዕዳው በእጥፍ ሊቃረብ ይችል ነበር። ስለዚህ አበዳሪ ቃል የሚገባው በብርና በተወሰነ ቁጥር ብቻ ይሁን።

፭ኛ፤ ስለ መያዣ

አንዳንድ ሰዎች ለብድሩ መያዣ ብለው የተበዳሪውን ዲግሪ ወይም የትምህርት ማስረጃ በካዝናቸው ያስቀምጣሉ። ይህ ከበሬ ነጋዴ ሞፈሩን እንደ መቀማት ነው። በሬው ሳያርስ እህል አይገኝም፤ ወጣቱም ማስረጃውን ሳያሳይ የተሻለ ሥራ አያገኝም፤ የተሻለ ሥራ ካላገኘም ዕዳውን አይከፍልም። ወረቀቱን ወደ ገበያ ወስዶ የሚሸጠው የለም። ከላይ የጠቀስናት ወጣት ማስረጃዋ በሐጂ ካዝና ተቆልፎ ቢሆን ኖሮ የአዲስ አበባውን ሥራ አታገኝም ነበር፤ 45,000 ብሩም አይመለስም ነበር።

የሚንቀሳቀስ ንብረትን፣ ለምሳሌ ሞተር ሳይክልን፣ የልብስ ስፌት መኪናን ወይም የሸቀጥ ክምችትን መያዣ ማድረግ የሚቻልበት ዐዋጅ ቁጥር 1147/2011 ወጥቷል። የተበዳሪው ቤተ ሰብ እንዲህ ያለ ንብረት ካለው በሥርዐቱ ማስመዝገብ ይቻላል። ይህም ከሌለ፣ ልኩ የተጻፈበት ዋስ ይበቃል፤ ሁለት ዋሶች እኩል እኩል ቢከፋፈሉት ደግሞ ለአንዱ ሸክሙ ይቀልለታል።

፮ኛ፤ ወለድ የሌለው ብድርና ዕቁብ

በደሴና በአካባቢዋ ብዙዎች ነጋዴዎች ሃይማኖታቸው ወለድ አይፈቅድላቸውም። እነዚህ ሰዎች ከትምህርት ብድር ውጭ ይሁኑ ማለት አይደለም። ከላይ እንዳየነው ሕጉ ወለድ ካልተነገረ አይታሰብም ይላልና፣ ቀርዱል ሐሰን በሚባለው ልማድ የሚሰጥ ብድር ከፍትሐ ብሔር ሕጉም ጋር አይጋጭም። ነገር ግን ወለድ የለውም ማለት ጽሑፍ የለውም ማለት አይደለም። እንዲያውም የገንዘቡ ዋጋ በጊዜ ስለሚቀንስ፣ ወለድ የማይወስድ አበዳሪ ጊዜውን ማሳጠርና በየመንፈቁ መክፈል ከሌላው ይበልጥ ያሻዋል።

ዕቁብም ለዚህ ጉዳይ ማለፊያ መሣሪያ ነው። 12 ሰዎች በወር 3,000 ብር ቢጥሉ ዕጣው 36,000 ብር ይሆናል። ከአባሎቹ አንዱ ተማሪ ቢሆን፣ መመዝገቢያው በሚደርስበት ወር ዕጣው እንዲሰጠው ዕቁብተኞቹ አስቀድመው ሊስማሙ ይችላሉ። ወለድ የለም፤ ባንክም አያስፈልግም፤ ዋሱም ያው የዕቁቡ ዋስ ነው። አሠሪው አባል ሆኖ ከሠራተኛው ጋር ቢጥል ደግሞ፣ ብቻውን ሊሸከመው ያለውን ለ12 ሰው አካፈለው ማለት ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው በዚህ ይታያል።

፯ኛ፤ እንቢ ማለት የሚገባው መቼ ነው?

ሁለተኛ ዲግሪ ሁሉ ገቢ ያመጣል ማለት አይቻልም። ነጋዴ ዕቃ ከመግዛቱ በፊት «ማን ይገዛኛል?» ብሎ እንደሚጠይቅ፣ የትምህርት ብድር ሲጠየቅም ሦስት ነገር ይጠይቅ።

አንደኛ፣ ትምህርቱ ከሥራው ጋር ይገናኛል ወይ? ሒሳብ ያዥ የሒሳብ ወይም የንግድ ሥራ አመራር ቢማር ለቤቱም ለራሱም ይበጃል። ከሥራው የራቀ ቢሆን ግን በደመወዙ ላይ ለውጥ ላያመጣ ይችላልና ብድሩ መመዘን ያለበት በአሁኑ ደመወዝ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ትምህርት ቤቱ ለዚያ ትምህርት ፈቃድና ዕውቅና አለው ወይ? ዕውቅና የሌለው ዲግሪ መጋዘን ውስጥ ጊዜው እንዳለፈበት መድኀኒት ነው። ማረጋገጫውን ብድር ጠያቂው ራሱ ያምጣ።

ሦስተኛ፣ ሰውየው ከዚህ በፊት የወሰደውን እንዴት መለሰ? የዱቤ መዝገቡ ከአፉ ይልቅ ይናገራል።

ከሦስቱ ሁለቱ ካልተሟሉ እንቢ ማለት ጭካኔ አይደለም። ወጣቱን ሊከፍለው በማይችለው ዕዳ ውስጥ ከማግባት በክብር መከልከል ይሻላል። በአንጻሩ ሦስቱም ተሟልተው ሳለ «ተምሮ ይሄድብኛል» በሚል ፍርሀት ብቻ መከልከል ጉዳቱ ለራሱ ለነጋዴው ነው። የሚሄድ ሰው ሳይበደርም ይሄዳል፤ የተበደረና በክብር የተያዘ ሰው ግን ቢሄድም ደንበኛና መልእክተኛ ሆኖ ይቀራል። በ2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነት በተያዙ ጊዜ ብዙ ሱቆችና መጋዘኖች ተዘርፈዋል፤ ዩኒቨርሲቲውም አልተረፈም። በሰው ጭንቅላት ውስጥ የተቀመጠው ዕውቀት ግን አልተዘረፈም። ይህን ያየ የወሎ ነጋዴ ገንዘቡን በትምህርት ላይ ማዋል እንግዳ አይሆንበትም፤ በሥርዐት ይሁን እንጂ።

ለማስታወስ ያህል

አንባቢ ሆይ፤ ከመፈረምህ በፊት እነዚህን ጥያቄዎች በወረቀት ላይ ጽፈህ መልሳቸው።

1. ብድር ጠያቂው የወጪ መጋራት ዕዳ ቀርቶበታል ወይ? እኔስ በየወሩ እየቀነስኩ ለመንግሥት አስገብቻለሁ ወይ?
2. የብድሩ ከፍተኛ ልክ በብር ተጽፏል ወይ?
3. ክፍያው በየመንፈቁ በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ ይሆናል ወይ?
4. በየወሩ የሚቀነሰው ከሌላው ቅናሽ ጋር ተደምሮ ከደመወዙ ሲሶ በታች ነው ወይ? ሠራተኛውስ በጽሑፍ ተስማምቷል ወይ?
5. ሁለት ምስክሮች ፈርመዋል ወይ? የዋሱ ልክ በአኃዝና በፊደል ተጽፏል ወይ?
6. ሠራተኛው ቢለቅ፣ ቢታመም ወይም ትምህርቱን ቢያቋርጥ ቀሪው እንዴት እንደሚከፈል ውሉ ይናገራል ወይ?

ለስድስቱም ጥያቄ «አዎን» ብሎ መመለስ የቻለ አበዳሪ በሰላም ይፈርም፤ ተበዳሪውም በሰላም ይማር። አንዱ እንኳ ቢጎድል የጎደለው እስኪሟላ ድረስ ብዕሩን ያሳርፍ።